የዳናይኔ ቢራቢሮዎች አመዳደብና መለያ ባሕርያት፦ የዳናውስ ክሪሲፐስ የቀለም ዓይነቶች ጥያቄ

በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ጦቢያው የተባለው ወተታማ ቁጥቋጦ በሚበቅልበት መንገድ ዳር፣ ዝግ ብሎ የሚበር ብርቱካናማ ቢራቢሮ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት ያቋርጠዋል፤ ሌላው ጥቁሩም መቀነቱም የለውም፤ ሦስተኛው ደግሞ የኋላ ክንፉ መሐል ነጭ ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን ተይዘው በአንድ የናሙና ሣጥን ውስጥ ሲሰኩ ስንት ስም ሊጻፍላቸው ይገባል? አንድ፣ ሁለት ወይስ ሦስት? ይባስ ብሎ ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ጋር በሩቅ ብቻ የሚዛመድ፣ መልካቸውን ወስዶ የሚኖር የሌላ ንዑስ አስተኔ አባል ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ቢራቢሮዎች የሚመደቡበትን የዳናይኔ ንዑስ አስተኔ መለያ ባሕርያት ይመረምራል፤ ከዚያም ዳናውስ ክሪሲፐስ የተባለው ዝርያ በአመዳደብ ላይ ያስነሣውን ክርክር ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡድኑ ቦታ በኒምፋሊዴ ውስጥ

ኒምፋሊዴ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘ ከቢራቢሮ አስተኔዎች ሁሉ ትልቁ ነው። የጋራ ምልክታቸው የፊት እግሮቻቸው መኮሰስ ነው። ጎልማሳው ቢራቢሮ ባለ ስድስት እግር ቢሆንም የሚቆመውና የሚራመደው በአራቱ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ አጥረው ከደረቱ ጋር ተጣብቀው ይታያሉ፤ በወንዱ ላይ ደግሞ በጸጉር ተሸፍነው ብሩሽ ይመስላሉ። ከአንቴናቸው ሥር የሚታዩት ሦስት ቀጫጭን ሸንተረሮችም አስተኔውን ከሌሎች ቢራቢሮዎች ይለያሉ።

ዳናይኔ ለረጅም ጊዜ ራሱን የቻለ አስተኔ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ የቆዩ መጻሕፍትና የቤተ መዘክር መለያ ወረቀቶች «ዳናይዴ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ፖል ኤርሊክ በ1958 የቢራቢሮዎችን አጠቃላይ የአካል አወቃቀር አነጻጽሮ ባወጣው ሥራ ቡድኑን ወደ ኒምፋሊዴ አስገባው። ፊሊፕ አኬሪና ሪቻርድ ቬን-ራይት በ1984 ያሳተሙት ጥልቅ ጥናት ደግሞ ከ150 በላይ የሆኑትን የወተታማ ተክል ቢራቢሮዎች በጋራ ተወራሽ ባሕርያት ላይ ተመሥርቶ አደራጃቸው። ኒክላስ ዋልበርግና ባልደረቦቹ በ2009 የዲኤንኤና የአካል መረጃን አጣምረው ባወጡት የትውልድ ሐረግ ውስጥ ዳናይኔ ከሊቢቴይኔ ቀጥሎ ከአስተኔው ግንድ ቀድሞ የተለየ ቅርንጫፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ራሱን የቻለ አስተኔ» ይሉ የነበሩት የጥንት ሊቃውንት ቡድኑ ከሌሎቹ የራቀ መሆኑን በትክክል አይተው ነበር፤ የተሳሳቱት የርቀቱን ደረጃ ሲወስኑ ነው።

ዛሬ ንዑስ አስተኔው በሦስት ነገዶች ይከፈላል። ቴሌርቪኒ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት ዝርያዎች ያሉት ትንሽ ነገድ ነው። ኢቶሚኒ ሙሉ በሙሉ የአሜሪካ ሞቃታማ ደኖች ነዋሪ ሲሆን ከ300 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የብዙዎቹ ክንፍ ብርሃን አሳላፊ ነው፤ እጮቻቸውም በአብዛኛው የሚመገቡት የድንችና የቲማቲም አስተኔ የሆኑትን ተክሎች ነው። ሄንሪ ዋልተር ቤትስ በ1862 የማስመሰልን ሐሳብ ያቀረበው በአማዞን ደን እነዚህንና መልካቸውን የሚወስዱትን ቢራቢሮዎች አጥንቶ ነበር። ሦስተኛው ነገድ ዳናይኒ ነው፤ ለአፍሪካ ተመራማሪ ጉዳይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በአፍሪካ ዋና ምድር ዳናውስ፣ ቲሩማላና አማውሪስ የተባሉ ወገኖች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል አማውሪስ የአፍሪካ ብቻ ነው፤ ጥቁር ክንፍ ላይ ነጭ ወይም ክሬም ነጠብጣብ ያላቸው አባላቱ የደን ጥላ ይወዳሉ፤ አማውሪስ ኤኬሪያ የተባለው በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖችም አለ። በእስያ እጅግ የበዙ ዝርያዎች ያሉት ዩፕሊያ ግን በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ቢኖርም ወደ አህጉሩ አልዘለቀም።

አካል የሚናገራቸው ምልክቶች

የዳናይኔን አባል ለመለየት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ነገር፣ ማለትም የክንፍ ቀለም፣ ከምልክቶች ሁሉ ደካማው ነው። ጠንካራዎቹ ምልክቶች በእጅ ሌንስ ወይም በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለጀማሪ በጣም የሚጠቅመው አንቴናው ነው። የሌሎች የኒምፋሊዴ ንዑስ አስተኔዎች አንቴና በቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን የዳናይኔ ግን ራቁቱን ነው። በፊት ክንፍ ላይ የመጨረሻው የክንፍ ጅማት ከግርጌው ለሁለት ተከፍሎ እንደገና ይገጥማል። የሴቷ የፊት እግር ጫፍ አብጦ የዱላ ራስ ይመስላል። እግሩ ለመራመድ ባያገለግልም ሥራ ፈት አይደለም፤ ሴቷ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ቅጠሉን ደጋግማ በመምታት ተክሉ ለእጮቿ የሚሆን መሆን አለመሆኑን የምትቀምሰው በእርሱ ነው።

የዳናይኒ ወንዶች በሆዳቸው ጫፍ ውስጥ የተሸሸጉ ሁለት የጸጉር ብሩሾች አሏቸው። ወንዱ ሴቷን ሲያባብል ብሩሾቹን አውጥቶ በአንቴናዋ አጠገብ ይዘረጋቸዋል፤ ከእነርሱ የሚወጣው ሽታም ሴቷ እንድትቀበለው ያደርጋል። በዳናውስ ወገን በኋላ ክንፍ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚመስል ትንሽ ከረጢትም አለ፤ ወንዱ ብሩሾቹን አልፎ አልፎ በዚህ ከረጢት ውስጥ ያስገባቸዋል፤ የሽታው ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ዳናይዶን በአግባቡ የሚሠራው ይህ ንክኪ ሲኖር ነው። ከረጢቱ ጾታን ለመለየትም ያገለግላል፦ የዳናውስ ክሪሲፐስ ወንድ በኋላ ክንፉ መሐል አራት ጥቁር ነጥቦች ሲኖሩት ሴቷ ሦስት ብቻ አሏት፤ አራተኛው ነጥብ ከረጢቱ ነውና።

ወንዱ ይህን ሽታ ከምንም አይሠራውም። ጥሬ ዕቃው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መራራ ውሁድ ነው። ጎልማሶቹ ወንዶች ሄሊዮትሮፒየም፣ ክሮታላሪያና ሴኔሲዮን የመሳሰሉ ተክሎችን የደረቀ ቅጠልና ግንድ እየቧጠጡና እየጠጡ ይሰበስቡታል። ከፊሉን ለሽታ ይጠቀሙበታል፤ ከፊሉን ደግሞ ከዘራቸው ጋር ለሴቷ ያስተላልፉታል፤ እርሷም ወደ እንቁላሎቿ ታሻግረዋለች። በኢቶሚኒም ይህ ልማድ ስላለ ሁለቱ ነገዶች ዝምድናቸውን በአካል ብቻ ሳይሆን በኬሚስትሪም ያሳያሉ ማለት ይቻላል።

በእጭነት ደረጃ ያለው መለያም ግልጽ ነው። በአማርኛ የቢራቢሮን እጭ ሁሉ «አባጨጓሬ» ማለት የተለመደ ቢሆንም ስሙ ለዳናይኒ እጭ አይገጥምም፤ የሚያሳክክ ጸጉርም ሆነ እሾህ የለውም። ቆዳው ለስላሳ ሆኖ በጥቁር፣ በነጭና በቢጫ ቀለበቶች ያጌጠ ነው፤ ከጀርባው ላይ ደግሞ ቀጫጭን ሥጋማ ዘንጎች ይወጣሉ። የዘንጎቹ ቁጥር በቅርብ የሚዛመዱ ዝርያዎችን ሳይቀር ይለያል፦ የሞናርክ (ዳናውስ ፕሌክሲፐስ) እጭ ሁለት ጥንድ፣ የዳናውስ ክሪሲፐስ እጭ ሦስት ጥንድ አለው። ሙሽሬው በጅራቱ ጫፍ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ቅርጹ አጭርና ድቡልቡል ሲሆን ወርቃማ ነጠብጣቦች አሉት።

መርዝና ዋጋው

የዳናውስ እጮች የሚመገቡት በአስክሌፒያስ ቡድን የሚጠቃለሉ ወተታማ ተክሎችን ነው፤ በኢትዮጵያ ጦቢያውና ጎምፎካርፐስ የተባሉት ቁጥቋጦዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የተክሎቹ ወተት ካርዴኖላይድ የተባለ የልብ መርዝ አለው። በ1950 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኬሚስት ታዴዎስ ራይክሽታይን፣ ከሚሪያም ሮትሽልድና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ1968 ባወጣው ሥራ ሞናርክ ይህን መርዝ ከተክሉ ወስዶ በአካሉ ውስጥ እንደሚያከማች አረጋገጠ። ሊንከን ብራወር በበኩሉ በወተታማ ተክል ያደጉ ሞናርኮችን ለሰማያዊ ጄይ ወፎች አቀረበ፤ ወፎቹ በልተው አስታወኩ፤ ከዚያ በኋላ ቢራቢሮውን ገና ሲያዩት ሸሹ። በጥቅል ጎመን ያሳደጋቸውን ግን ያለ ችግር በሉ። ውጤቱ ለአመዳደብ ሥራ ማስጠንቀቂያ አለው፦ መርዛማነት የዝርያው ቋሚ ባሕርይ ሳይሆን እጩ ካደገበት ተክል ጋር የሚለዋወጥ ነገር ነው። በአንድ ሜዳ ላይ መርዛምና መርዝ አልባ ወንድማማቾች አብረው ሊበሩ ይችላሉ።

ቢራቢሮው ራሱ የማይመረዝበት ምክንያት በሕዋስ ደረጃ ተገኝቷል። ካርዴኖላይድ የሚያጠቃው በእንስሳት ሕዋስ ቅጥር ላይ ያለውን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው። በ1992 ሆልዚንገርና ባልደረቦቹ በሞናርክ ፓምፕ ላይ 122ኛው አሚኖ አሲድ ከአስፓራጂን ወደ ሂስቲዲን መለወጡንና ይህም መርዙ በፓምፑ ላይ እንዳይጣበቅ እንደሚያግድ አሳዩ። በ2019 የታተመ ሥራ ደግሞ ይህንን ጨምሮ ሦስት ለውጦችን በዘረመል አርትዖት ወደ ፍሬ ዝንብ በማስገባት ዝንቧ መርዙን እንድትቋቋም አድርጓል።

መርዛማ መሆን ጠላትን ብቻ ሳይሆን አስመሳይንም ይስባል። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የተባለው ቢራቢሮ የኒምፋሊኔ አባል ነው፤ ወንዱ ጥቁር ሆኖ ሐምራዊ ጠርዝ ያላቸው ክብ ነጭ ቦታዎች አሉት፤ ሴቷ ግን ዳናውስ ክሪሲፐስን ትመስላለች። የሚያስገርመው፣ ባለ ጥቁር ጫፍ፣ ጫፍ አልባና ባለ ነጭ የኋላ ክንፍ የሆኑ የሴት ዓይነቶች ማለትም ከአርአያው ዓይነቶች ጋር የሚመሳሰሉ መልኮች በእርሷም ላይ መገኘታቸው ነው። በመስክ ላይ የሚለያቸው ትንሽ ነገር ነው፦ የሂፖሊምናስ ሴት የኋላ ክንፍ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሲኖረው የዳናውስ ሦስት ወይም አራት አለው። ጥርጣሬ ከቀረ አንቴናውን ማየት ይበቃል። በኢትዮጵያ የሚገኘው የፓፒልዮ ዳርዳነስ ንዑስ ዝርያም ለዚህ ርዕስ ይጠቅማል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የዚህ ቢራቢሮ ሴቶች ጅራታቸውን አጥተው አማውሪስንና ዳናውስን ሲመስሉ፣ በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ሴቶች ወንዱን ይመስላሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ የአማውሪስን ቀለም ይለብሳሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ጅራታቸውን እንደያዙ ነው።

አንድ ዝርያ ወይስ ብዙ?

ዳናውስ ክሪሲፐስን በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው ሊኔየስ በ1758 ነው። ስሙን የወሰደው ከግሪክ አፈ ታሪክ፣ ከአይጉፕቶስ ልጆች ዝርዝር ነው፤ ቢራቢሮውም ከግብፅ ጋር ያለው ግንኙነት ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ በተሣለውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ባለው የነባሙን መቃብር ሥዕል ላይ በረግረግ ዕፅዋት መካከል ሲበር ይታያል። ዝርያው ከአፍሪካ እስከ እስያ የተንሰራፋ ነው።

በአፍሪካ አራት ዋና የቀለም ዓይነቶች ይጠቀሳሉ። የክሪሲፐስ ዓይነት ፈካ ያለ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ጫፍና ነጭ መቀነት አለው። ኦሪዬንቲስ ተመሳሳይ ጫፍ ይኑረው እንጂ መደቡ ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል፤ በደቡብ አፍሪካ አካባቢ ይበዛል። አልሲፐስ የኋላ ክንፉ ነጭ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካ ነዋሪ ነው። ዶሪፐስ ጥቁር ጫፍ የለውም፤ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች የሚገኘውና ክሉጊ የተባለው ንዑስ ዝርያ ዋና መልክም ነው። ኢትዮጵያ ለምዕራቡም ለምሥራቁም ግዛት ቅርብ በመሆኗ የናሙና ሣጥኑ ችግር እዚህ መነሣቱ አያስገርምም።

ዴቪድ ስሚዝና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዓይነቶቹን በማዳቀል ውርሱን አጥንተዋል። ሦስት የዘር ቦታዎች ዋና ዋናውን ልዩነት ይወስናሉ፦ አንደኛው የኋላ ክንፍን ነጭነት፣ ሁለተኛው የመደቡን ቡናማነት፣ ሦስተኛው የጥቁሩን ጫፍ መኖር አለመኖር። ጫፍ አልባነት በባለ ጫፍነት ላይ የበላይ ነው፤ ነገር ግን የበላይነቱ ፍጹም ስላልሆነ ከሁለቱ የተወለደ ቢራቢሮ አንዳንድ ጊዜ ደብዛዛ ነጭ ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ይህ ዲቃላ ራሱን የቻለ የዓይነት ስም (ትራንሲዬንስ) ተሰጥቶት ነበር፤ ቀለምን ብቻ ተከትሎ ስም ማብዛት የት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ይሁንና ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። ዓይነቶቹ በሚገናኙባቸው አካባቢዎች፣ በተለይም በዩጋንዳና በኬንያ፣ ሴት ብቻ የሚወልዱ እናቶች ተገኙ። ስሚዝ፣ ሉሻይና አለን በ2005 የአካልና የዲኤንኤ መረጃን መሠረት አድርገው ባወጡት የዳናውስ አመዳደብ ዶሪፐስን ራሱን የቻለ ዝርያ አደረጉት። ክርክራቸው ቀላል የሚባል አይደለም፦ የተዳቀሉት ወንዶች የማይተርፉ ከሆነ በሁለቱ መካከል የዘር ግድግዳ መቆም ጀምሯል ማለት ይቻላል።

ለወንዶቹ መጥፋት ሌላ ማብራሪያ የሚሰጠው ባክቴሪያ ነው። በ2000 ጂጊንስና ባልደረቦቹ ከካምፓላ በተገኙ ቢራቢሮዎች ላይ ስፒሮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ወንድ ሽሎችን እንደሚገድል አሳዩ። ባክቴሪያው የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ስለሆነ ወንዶች ለእርሱ የማይጠቅሙ ናቸው። ስለዚህ የወንዶቹ ሞት የሁለት ዝርያዎች አለመጣጣም ምልክት ሳይሆን የበሽታ ውጤት ሊሆን ይችላል። የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤም ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ ከባክቴሪያው ጋር አብሮ ይስፋፋል፤ በእርሱ ላይ ብቻ የተመሠረተ የትውልድ ሐረግ የቢራቢሮውን ሳይሆን የባክቴሪያውን ታሪክ ሊተርክ ይችላል።

በ2020 ሳይመን ማርቲንና ባልደረቦቹ የሙሉ ጂኖም መረጃ ይዘው ጉዳዩን እንደገና መረመሩት። የመደብ ቀለምንና የጥቁር ጫፍን የሚወስኑት ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ክሮሞዞም ላይ፣ ግማሹን በሚያህል ሰፊ ክልል ውስጥ ተሳስረው አብረው ይወረሳሉ። በመገናኛው አካባቢ ደግሞ ይኸው ክሮሞዞም ደብልዩ ከተባለው የሴት ጾታ ክሮሞዞም ጋር ተዋሕዷል። የተዋሐደው ክሮሞዞም እንደ ባክቴሪያው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ የሁለቱም የትውልድ ሐረግ ፍጹም የተገጣጠመ ሆኖ ተገኝቷል። ባክቴሪያው ሲስፋፋ ክሮሞዞሙን በጀርባው እንዳዘለ ይቆጠራል፤ ይህም የሆነው ባለፉት 2,200 ዓመታት ገደማ ውስጥ እንደሆነ ተገምቷል። በዚህ ምክንያት የተጠቁት ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ድብቅ የቀለም ዘር ስለሚይዙ የሴት ልጆቻቸውን መልክ በአብዛኛው የሚወስነው ከሌላ ቦታ የመጣው ያልተጠቃ አባት ነው።

ይህ ግኝት የዶሪፐስን ዝርያነት ያዳክመዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ጎላ ያለ ነገር በጂኖሙ ሁሉ የተበተነ ልዩነት ሳይሆን በተወሰነ ክልል የተያዘ የቀለም ትእዛዝ ከሆነ፣ «ንዑስ ዝርያ» ወይም «የቀለም ዓይነት» የሚለው መጠሪያ ይበቃል። ለንጽጽር የአውስትራሊያውን ዳናውስ ፔቲሊያ መመልከት ይቻላል፤ እርሱም በአንድ ወቅት የክሪሲፐስ አካል ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ራሱ ዝርያ ተቀባይነት አግኝቷል። በዓይን ሲታይ ፔቲሊያ ከክሪሲፐስ ይልቅ የራቀ አይመስልም፤ ዶሪፐስ ግን ፍጹም የተለየ ይመስላል። ዓይን በሁለቱም ተሳስቷል።

ከዚህ ተነሥቶ በኢትዮጵያ በሚሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የሚደረገው ምዝገባ ሊሻሻል ይገባዋል። በመለያ ወረቀት ላይ «ዶሪፐስ» ወይም «አልሲፐስ» ብሎ እንደ ዝርያ ስም መጻፍ መረጃውን ያበላሻል፤ የዝርያው ስም በአንድ መስመር፣ የቀለም ዓይነቱ በሌላ መስመር፣ በክንፉ ነጥቦች ቁጥር የተረጋገጠው ጾታ በሦስተኛው ሊሰፍር ይችላል። ጾታ በትክክል ሲመዘገብ አንድ አካባቢ ከወትሮው የበዙ ሴቶች ያሉበት መሆኑ ከሣጥኑ ብቻ ይታያል። ከአንዲት ሴት እንቁላል ሰብስቦ በጦቢያው ቅጠል ማሳደግ ደግሞ ከዚህም ያልፋል፦ ከእንቁላሎቹ ግማሽ ያህሉ ሳይፈለፈሉ ቀርተው የተረፉት ሁሉ ሴቶች ሆነው ከወጡ፣ እናቲቱ በአልኮል ተጠብቃ ለስፒሮፕላዝማ ምርመራ ልትላክ ይገባል።